በሦስተኛው ጉንጉን ላይ

ሰውየው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ማተሚያ ቤት ማረሚያ ክፍል ተቀምጦ የሰው ስህተት ሲለቅም የኖረ አራሚ ነበር። ባልደረቦቹ «ጋሽ አራት ነጥብ» ይሉታል። ስሙ የወጣለት አንድ ወፍራም መጽሐፍ ማሽን ላይ ከወጣ በኋላ ሥራ አስቁሞ፣ «ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት መጨረሻ ላይ አራት ነጥብ ጎድላለች» ብሎ ከማሽኒስቱ ጋር የተናነቀ ቀን ነው። አራት ነጥቧ ገባች። «ሠ»ን እና «ሰ»ን የሚያምታታ ሰው ኪሱ ውስጥ እጁን የከተተበት ያህል ያናድደው ነበር። የሱቅ ማስታወቂያ፣ የሠርግ ጥሪ፣ የመቃብር ድንጋይ ሳይቀር ዐይኑ ያረፈበትን ሁሉ ያርማል።

ሚስቱም አልተረፈችም። ገና በእጮኝነታቸው ጊዜ የጻፈችለትን የመጀመሪያ ደብዳቤ በቀይ እርሳስ አርሞ መልሶላታል። አሥራ አራት ስህተት። ከሥሩ «ሐሳቡ ግን ግሩም ነው» ብሎ ጽፎበታል። ማግባቱን አገባችው፤ ደብዳቤ ግን ዳግመኛ ጽፋለት አታውቅም።

እሷ በስልክ ኦፕሬተርነት ሠርታ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ልቧን የሰጠችው ለሱፍ ክር ነው። ሹራብ ትሠራለች። ለመሸጥ አይደለም፣ ማንም አዝዟትም አይደለም፤ ደስ ስለሚላት ብቻ። አዲስ ክር ገዝታ ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ቱባውን አፍንጫዋ ሥር ወስዳ ታሸተዋለች። ከዚያ ጉንጯ ላይ ታሻሸዋለች። የምትሠራውን ሳትወስን ሦስት አራት ቀን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣው እያለፈች እያገደመች ትዳስሰዋለች። «ምን ልትሆን ነው የምትፈልገው አንተ?» ትለዋለች ክሩን። ባሏ ይህን ሲሰማ ከጋዜጣው ቀና ሳይል በአፍንጫው ይስቅ ነበር። ለእሱ ነገሩ ጊዜ መግደያ ነው።

አንድ ቀን ግን ከጎኗ ቆሞ የጀመረችውን እጅጌ አየት አደረገና፣ «ይቺ ጋ አልተጣመመችም?» አላት።

መርፌዎቿን ጭኗ ላይ አሳረፈች። አልተቆጣችም፤ ድምፅዋም ከፍ አላለም።

«ስማኝ» አለችው። «ወጤን አርመህልኛል፣ አነጋገሬን አርመህልኛል፣ ልጄን እንዴት እንደምቆጣም አርመህልኛል። እሺ። ይሄ ግን የኔ ነው። እዚህ ላይ ቀይ እርሳስህን እንዳታመጣብኝ።»

ቃሉን ሰጠ፤ ቃሉንም ጠበቀ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሷ ሹራብ ስትሠራ ወደ እጇ ላለማየት ፊቱን በጋዜጣ ይጋርድ ነበር።

ከዚያ አንድ ጠዋት የጫማውን ማሰሪያ ሲያስር ቀኝ እጁ ማሰሪያውን ለቀቀው። መልሶ ቢያዘውም እጁ አልታዘዝ አለው። ሚስቱን ሊጠራ አፉን ሲከፍት የወጣው ድምፅ የእሱ አልመስል አለው። ሐኪሙ ስትሮክ ነው አለ። ሦስት ሳምንት ተኝቶ ሲወጣ ቀኝ ጎኑ እንዳለ አብሮት ይጎተታል እንጂ አይሠራለትም ነበር።

የምላሱ ነገር ከሁሉም የባሰ ነበር። ቃላቱ ጭንቅላቱ ውስጥ እንደ ድሮው በየቦታቸው አሉ፤ አንዳቸውም አልጎደሉም። አፉ ጋ ሲደርሱ ግን አንዷ ብቻ ናት የምትወጣው፦ «ማክሰኞ»። ለምን ማክሰኞ እንደሆነች እሱም አያውቅ፣ ሐኪሙም አያውቅ። ሲጠማው ማክሰኞ፣ ሲያመው ማክሰኞ፣ ሲያመሰግን ማክሰኞ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሚስቱ ተደናግጣ «ኧረ ዛሬ ሐሙስ ነው» ትለው ነበር። ቆይታ ለመደችው። አዎ ለማለት ራሱን ሊነቀንቅ ሲል ግራና ቀኝ ይወዘውዘዋል፤ አይደለም ማለት ሲፈልግ ይነቀንቃል። በግራ እጁ እርሳስ ቢያስጨብጡትም ከተንሻፈፈ ክብ በቀር የሚወጣ ነገር አልነበረም።

ጋዜጣ አምጥታ ጭኑ ላይ ዘረጋችለት። ፊደሎቹ ጉድጓዳቸው የተነካባቸው ጉንዳኖች መሰሉት። ይርመሰመሳሉ እንጂ አንዳቸውም ቆመው ስማቸውን አይነግሩትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲታዘዙለት የኖሩ ፊደሎች። ጋዜጣውን በግራ እጁ ቀስ አድርጎ ከጭኑ ላይ ገፋው። ሚስቱ አንስታ አጣጥፋ ወሰደችው፤ ሁለተኛ አላመጣችም።

ወንበሩን ከወንበሯ አጠገብ አድርጋ አመቻቸችለት። ማድረግ የሚችለው ማየት ብቻ ነው፤ ከፊቱ ያለው ደግሞ እጇ ነው። ቃሉን እንዳያፈርስ መጀመሪያ አካባቢ ጣሪያውን ሲያይ ዋለ። ጣሪያው ግን የሚታይ ነገር የለውም። በሦስተኛው ቀን ዐይኑ በገዛ ፈቃዱ ወርዶ እጇ ላይ ዐረፈ።

ያየውን ነገር ለማመን ጥቂት ጊዜ ወሰደበት። አንዱ መርፌ ከአንዱ ቀለበት ውስጥ ይገባል፣ ክሩን ይጠልፋል፣ አዲስ ቀለበት ይዞ ይወጣል። አሮጌዋ ቀለበት ትወርዳለች፤ አዲሷ በቦታዋ ትቆማለች። እንዲህ እያለ መስመሩ ያልቃል፤ ሥራው ይገለበጥና ሌላ መስመር ይጀመራል። መስመር። ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንዷ ከአንዷ ተያይዛ፣ አንዷ ብትጎድል ሁሉም የሚፈርስ። ዐይኑን እያጠበበ አንድ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደበት። አልተርመሰመሰችም። ቀለበቶቹ ቆመው ጠበቁት። ሌላውን መስመር ሞከረ። ያነብባል። ማንበብ ይችላል።

ዐይኑ እንባ አቀረረ። ሚስቱ ቀና ብላ ስታየው፣ «ፀሐይዋ ነች?» ብላ ተነሥታ መጋረጃውን ሳበችለት።

ከዚያ በኋላ ቀኑ ቀን ሆነለት። ጠዋት ታጥቦ፣ ለብሶ፣ ቁርሱን ቀምሶ ወንበሩ ላይ እስኪቀመጥ ይቸኩላል። የመርፌዎቹ ድምፅ፣ ያ ቀጭን ጠቅ ጠቅ የሚለው፣ እንደ ማተሚያ ቤቱ ማሽን ልቡን ያረጋጋለት ጀመር። የክሩን ሽታ ለየ፤ ሱፉ ሲሞቅ የበግ ሽታ፣ እርጥብ እጅ ሲነካው ሌላ ሽታ። ጠባቡን መስመር ከላላው፣ የተረጋጋችበትን ሰዓት ከተናደደችበት ይለያል፤ ስትናደድ ቀለበቶቹ ይጠባሉ። ዘጠኝ ዓመት አጠገቡ የነበረውን ነገር አለማየቱ ቆጨው። የሚናገርበት ቢያገኝ ኖሮ «ይቅርታ፣ ጊዜ መግደያ አይደለም» ይላት ነበር።

እሷም የሚረዳት አገኘች። ቱባውን ለማድወር ሁለት እጅ ዘርግቶ የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋታል። አንደኛውን ጫፍ በማይሠራው ቀኝ ክንዱ ላይ፣ ሌላውን በወንበሩ መደገፊያ ላይ ታጠልቅና ክሩን እየሳበች ትጠቀልለዋለች።

«ለዚህ ሥራ እንዳንተ ያለ አልተገኘም» አለችው አንድ ቀን። «አትንቀሳቀስ ማለት እንኳ አያስፈልግም።»

የፊቱ ግማሽ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ክሩ በክንዱ ላይ እየተንሸራተተ ሲሄድ ሐኪሙ ስሜት የለውም ባለው ቆዳ ላይ የሆነ ሙቀት የተሰማው መሰለው።

በዚያው ሰሞን ለልጃቸው ሹራብ ጀመረች። ልጃቸው የመንገድ መሐንዲስ ናት፤ ውሃው በባልዲ ውስጥ የበረዶ ቆዳ አውጥቶ በሚያድርበት ከፍታ ላይ ድንኳን ተክለው መንገድ ያወጣሉ። እናትየው ጥቁር ሰማያዊ ክር መረጠች፣ ወፍራም። ደረቱ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርዱ አምስት ጉንጉኖች አሉት፤ ልክ እንደ ሹሩባ፣ የክሩ ዘለላዎች በየስምንት መስመሩ አንዱ በአንዱ ላይ እየተሻገሩ የሚሄዱ። አንድ ጊዜ ግራው በቀኙ ላይ፣ በሚቀጥለው ቀኙ በግራው ላይ። ባሏ ሕጉን በሁለት ቀን ያዘው። መሻገሪያው መስመር ሊደርስ ሲል ቀድሞ ያውቃል፤ እሷ ሦስቱን ቀለበት በትንሿ መርፌ ወደ ጎን ስታነሣ ትንፋሹን ይይዛል፣ ስትመልሳቸው ይለቃል።

እሷ ለራሷ እንኳ አታዝንም። እጅጌውን ስትሠራ አንዲት ቀለበት ከሃያ መስመር በታች አምልጣ ብታገኝ ሁሉንም ተረተረችው።

«ማንም አያየውም» አለቻት ጎረቤታቸው። ይቺ ጎረቤት ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ኪሮሿን ይዛ ትመጣለች።

«እኔ አይቼዋለሁ» አለች ሚስቱ። «እያወቅሁ ለልጄ አላለብሳትም።»

አራሚው ይህን ሲሰማ ሆዱ ሞቀ። አርባ ዓመት አብሯት የኖረ ሰው በዚያች ቀን እንደ አዲስ የተዋወቃት መሰለው። ለካ እሷም አራሚ ነች።

ስህተቱ የተሠራው ረቡዕ ከሰዓት ነው። መሻገሪያው መስመር ላይ ነበረች፣ ሦስተኛው ጉንጉን ላይ። ሦስቱን ቀለበት በትንሿ መርፌ እንዳነሣች ስልኩ ጮኸ። ልጅቷ ነበረች። መስመሩ ይቆራረጣል፤ እናትየው «አለሽ? አለሽ ልጄ?» እያለች ክፍሉን ዞረችው። ስትመለስ ደስታው ፊቷ ላይ ነበር። መርፌዎቹን አንሥታ፣ «ከሦስት ሳምንት በኋላ ትመጣለች» እያለች ትንሿን መርፌ ከፊት ማምጣት ሲገባት ከኋላ አድርጋ አሻገረችው። ቀኙ በግራው ላይ መሄድ ሲገባው ግራው በቀኙ ላይ ሄደ።

አራሚው አየ። ወዲያው ነው ያየው። የማተሚያ ቤቱ ነገር፣ ጥርስ መካከል የገባ አሸዋ ዐይነት ስሜት መላ አካሉን ወረረው።

«ማክሰኞ» አለ።

«አይ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ። ቅዳሜ ነው የምትመጣው።»

«ማክሰኞ! ማክሰኞ!»

«ውሃ?» አለችና ተነሣች። ውሃ አመጣች። ከውሃው በኋላ ትራሱን አስተካከለች። ከትራሱ በኋላ መስኮቱን ከፈተች፣ ዘጋች። እሱ የሚያየው ሦስተኛውን ጉንጉን ነው፤ እሷ ግን የዐይኑን መንገድ አልተከተለችም። ከታመመ ወዲህ የምትፈልገው ሁልጊዜ የሚያመውን ቦታ ነበር። ተመልሳ ተቀመጠችና ቀጣዩን መስመር ጀመረች።

በማግስቱ አሰበበት። ቁርሱን በልቶ፣ ረጋ ብሎ፣ ግራ እጁን ዘረጋና ጣቱን ስህተቷ ላይ ሊያሳርፍ ሞከረ። ጣቱ ደረሰ። እሷ እጁን ያዘችው። ፊቷ በራ።

«አማረህ አይደል?» አለችው። እጁን አንሥታ በሹራቡ ላይ ከላይ ወደ ታች አሻሸችለት፣ ልጅ ድመት እንዲዳስስ እንደሚያደርጉት። «ለስላሳ ነው አይደል? ዳስሰው፣ ዳስሰው የኔ ጌታ።»

አይደለም ሊል ራሱን ነቀነቀ። ነቀነቀ ማለት አዎ ነው። እሷ ደስ አላት።

ከዚያ ወዲያ መስመሮቹ መደራረብ ጀመሩ። ያ ነው ያስጨነቀው። ዛሬ ብትነገር ስምንት መስመር መተርተር ነው፤ ነገ አሥራ ስድስት። እሷ ደግሞ ለልጅዋ መምጣት ስትል እጇ ፈጥኗል። ዐይኗ ደክሟል፣ መነጽሩ አርጅቷል፣ ክሩ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ በእጅዋ ልማድ ነው የምትሠራው እንጂ ወደ ኋላ ተመልሳ አታይም። እሱ ከጎን ሆኖ መርፌዎቹ አንድ መስመር በጨረሱ ቁጥር ወሽመጡ ይቆረጣል።

ተስፋው ቅዳሜ ሆነች። አዋላጅዋ ሹራብ ታውቃለች፤ ሠላሳ ዓመት ልጅ ሲወለድ ያየች ሴት የምታልፈው ነገር የለም። መጣች። ሹራቡን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ወስዳ ዘረጋችው። አራሚው አንገቱን እንደ ሰጎን አስግጎ ጠበቀ።

«ውይ ሲያምር» አለች። «መነጽሬን ረስቼ መጣሁ እንጂ እንዴት ነው የጎነጎንሽው?»

መልሳ ሰጠቻት። አራሚው ዐይኑን ጨፈነ።

«ጋሼ ደክሞታል» አለች አዋላጅዋ።

እሑድን ሙሉ ከራሱ ጋር ተሟገተ። ምን አገባህ? ይላል። ይሄ የኔ ነው ብላሃለች፣ ቃል ሰጥተሃል። ልጅቱ እንደሆነ ተራራ ላይ የምትለብሰውን ሹራብ ጉንጉን ቆጥራ አታውቅም። ብርዱም አይቆጥርም። ከዚያ ደግሞ መልሶ፦ እያወቅሁ ለልጄ አላለብሳትም ያለችው እሷ ናት። ሹራቡ አልቆ፣ ልጅቱ ለብሳው ሄዳ፣ ከዚያ አንድ ቀን ፎቶ ላይ ብታየውስ? ያን ጊዜ መተርተር የለም። ይህን ሲያስብ የሚያውቀው ነገር እንደ ትኩስ ድንች አፉ ውስጥ ተቃጠለ፤ የሚተፋበት የለም። ለሷ ብሎ ይሁን ለዚያ ለአሮጌ አመሉ ብሎ፣ እሱም ለይቶ አያውቀውም ነበር።

ሰኞ ጠዋት መድኃኒቱ አለቀ። ሚስቱ ሹራቡን ወንበሯ ላይ አስቀምጣ ነጠላ ጫማዋን በሌላ ቀየረችና፣ «ፋርማሲ ደርሼ ልምጣ፤ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። አደራ እንዳትነሣ» ብላው ወጣች። በሩ ተዘጋ። ሹራቡ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው።

ግራ እጁን ሰደደ። ጫፉን ያዘ፤ ጎተተ። ሹራቡ ከነመርፌዎቹ ጭኑ ላይ ወደቀ። እንዲህ ቀርቦት አያውቅም። ስህተቷ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ከላይዋ ሠላሳ ስድስት መስመር ተሠርቷል። መርፌውን በጥርሱ ነክሶ ሳበው። ሹራቡን በሞተው እጁ ክብደት ጭኑ ላይ አስይዞ ክሩን በግራ እጁ ሳብ አደረገ።

ክሩ መጣ። ቀለበቶቹ አንድ በአንድ፣ ጥክ ጥክ ጥክ እያሉ እየፈነዱ መጡ። ከታመመ ወዲህ በእጁ አንድ ሥራ ሲሳካለት ይህ የመጀመሪያው ነው። አልቸኮለም። እያንዳንዱን መስመር ቆጠረ። ጉንጉኖቹ ጋ ሲደርስ ክሩ ያዝ ያደርገዋል፤ እሱም ቀስ ብሎ ያባብለዋል። ሠላሳ፣ ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ ስድስት። ከዚያ ስህተቷ ራሷ ተፈታች፤ ግራው ከቀኙ ላይ ወርዶ ሁለቱም ነጻ ወጡ። ከሥርዋ ያለችው መስመር ላይ እጁን አቆመ። አንዲት ቀለበት እንኳ አላለፈም። ግንባሩ ላይ ላብ ነበር። ገጹ ጸዳ፣ አለ በልቡ። አሁን ስትመጣ የት እንደቆምኩ ታያለች፤ ለምን እዚህ ጋ እንደቆምኩ ትጠይቃለች፤ ትገነዘባለች።

በሩ ተከፈተ። የመድኃኒቱን ፌስታል ይዛ ገባች።

እሷ ያየችው ሌላ ነው። በባሏ ጭን ላይ፣ እግሩ ሥር፣ ወለሉ ላይ የተቆለለ የተጨማደደ ክር፤ አንዱ መርፌ ወንበር ሥር ተንከባሎ፤ ባሏ ደግሞ በግማሽ ፊቱ ፈገግ ብሎ።

ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ምን አደረግሁህ?» አለችው።

«ማክሰኞ» አለ፤ ጣቱን መስመሯ ላይ አሳርፎ።

«ምን አደረግሁህ ነው የምልህ? ውሃ ስትል ውሃ፣ ነፋስ ስትል ነፋስ። አንድ ነገር ነው ያለኝ። እሱንም ተውልኝ ብዬህ ነበር።» ጎንበስ ብላ ወንበር ሥር የተንከባለለውን መርፌ አነሣች። «በደህናህ ጊዜ እንኳ ተውከኝ። አሁን ነው?»

«ማክሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ማክ…» ግራ እጁን አወናጨፈ። ክሩ በጣቶቹ ተጠላለፈና ሹራቡ አብሮት ተነሣ። ሊወረውረው የፈለገ መሰላት፤ ቀልጠፍ ብላ ከእጁ ነጠቀችው። ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ሰጥታው፣ የተፈቱትን ቀለበቶች አንድ በአንድ መርፌ ላይ ትለቅም ጀመር። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አራሚው ያን ትከሻ ሲያይ ማክሰኞም እንኳ አልወጣችለት።

ከሰዓት አዋላጅዋ ተጠርታ መጣች። ሁለቱ በራፉ ላይ ቆመው ስለ እሱ አወሩ፣ እሱ እየሰማ።

«በሽታው ባሕርይ ይለውጣል» አለች አዋላጅዋ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እኔ ስንቱን አይቻለሁ። ደግ የነበረው ክፉ ይሆናል፤ ዝም የሚለው ይሳደባል። ክፋት አይደለም፤ አታዝኚበት። ልጅ እንደሆነ ቁጠሪው። ስለታም ነገር ግን ከአጠገቡ አርቂ።»

«ፈገግ ብሎ ነው ያገኘሁት» አለች ሚስቱ። «የገረመኝ እሱ ነው።»

አራሚው ሁሉንም ቃል ሰማ። በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለው ስህተት ከሦስተኛው ጉንጉን የገዘፈ ነበር፤ የሚያርመው ግን አልነበረም።

በማግስቱ ወንበሩን ወደ ወዲያኛው መስኮት ወሰደችው። «መንገዱን እያየህ ትውላለህ፤ ነፋስም ታገኛለህ» አለችው። አኳኋኗ ክፉ አልነበረም። ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ ጣል አደረገችለት፤ ራሱንም ሳመችው። መንገዱ ላይ ሰዎች ይመጣሉ ይሄዳሉ፤ አንድ ጫማ ጠጋኝ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይሠራል። የሱቆቹ ሰሌዳዎች እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳሉ። አንገቱን አዙሮ ወደ ሚስቱ ሲያይ ጥቁር ሰማያዊ ነገር ጭኗ ላይ ይታየዋል፤ መስመሩ ግን ከዚያ ርቀት አይነበብም።

መሻገሪያው መስመር መቼ እንደሚደርስ ከመርፌዎቹ ድምፅ ለመገመት ሞከረ። ቁጥሩ ጠፋበት። በዚህ ጊዜ በትክክል ታሻግረው ይሆን ወይስ ያንኑ ትደግመው ይሆን? ሁለት ሳምንት ሙሉ ይህ ጥያቄ አብሮት ተኛ፣ አብሮት ተነሣ።

ልጅቱ ቅዳሜ ጠዋት መጣች። ፀሐይና ብርድ ፊቷን አክስሎታል፤ ጫማዋ ላይ የሩቅ አገር ጭቃ አለ። እናቷን አቅፋ ቆየች። ከዚያ ሹራቡ ወጣ። እዚያው ቆማ ለበሰችው፤ እጅጌው ልክ፣ ትከሻው ልክ። «እማዬ፣ እጅሽ ይባረክ። ካምፑ ውስጥ ይቀኑብኛል» አለች። ከዚያ ወደ መስኮቱ መጥታ አባቷን ልትስም ጎንበስ ስትል ደረቷ ከዐይኑ ፊት አንድ ስንዝር ላይ ቆመ።

አነበበ። አንደኛው ጉንጉን ደህና። ሁለተኛው ደህና። ሦስተኛው ግራ በቀኝ፣ ቀኝ በግራ፣ ግራ በቀኝ፣ ከላይ እስከ ታች። አራተኛው፣ አምስተኛው። እንከን የለውም። ትንፋሹን ለቀቀና ግራ እጁን አንሥቶ ሦስተኛው ጉንጉን ላይ አሳረፈ።

«ተይ፣ እጁን ያዢው» አለች እናትየው እየሳቀች፤ ግማሹ ግን ሳቅ አልነበረም። «አባትሽ ይህን ሹራብ ጠምዶታል። ልጨርሰው ስል አንድ ቀን ፋርማሲ ሄጄ ስመለስ ተርትሮ ተርትሮ ቆልሎ ጠበቀኝ።»

«እውነት አባዬ?» ልጅቱ ተንበርክካ ዐይን ዐይኑን አየችው። «ለምን?»

የመጀመሪያዋ ናት ለምን ያለችው። አራሚው ያለ የሌለ ኃይሉን ሰበሰበ። ሆስፒታል ሳለ አንዲት የንግግር ሐኪም እንዳሳየችው ከንፈሩን ገጠመ፣ ምላሱን አነሣ፤ ቃሏ ከወዲያ ትታየዋለች፣ ስህተት፣ በእሳቱ «ሰ» የምትጻፈዋ። ስ። ስ።

«ስ…ማክሰኞ» አለ።

ልጅቱ አቀፈችው፣ ሳቀችም። እናትየውም ሳቀች። ሳቁ ፍቅር ያለበት ሳቅ ነበር፤ እሱም በግማሽ ፊቱ አብሮ ሳቀ። ሌላ ምን ያድርግ።

ሁለት ቀን ቆይታ ልጅቱ ሹራቧን ለብሳ ሄደች። ሚስቱ ከትርፍ ክሩ ቆብ ልሥራላት ብላ በማግስቱ ጀመረች። መርፌዎቹ ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ጠቅ ጠቅ ይላሉ። አራሚው ጥቂት አዳመጠና ወሰነ። ምርኩዙን በግራ እጁ ያዘ፤ ወንበሩን ተደግፎ ተነሣ። ከመስኮቱ እስከ እሷ አሥር እርምጃ ይሆናል። ሁለት ሄደ። ሦስት። ቀኝ እግሩን እየጎተተ አራተኛው ላይ ሲደርስ ቀና ብላ አየችው፤ ሥራዋን ጥላ ሮጠች፤ በክንዱ ሥር ገባች።

«መጸዳጃ ቤት ነው? ምነው ብትጠራኝ» አለችው። «ብትወድቅስ?»

ወንበሯን በዐይኑ አሳያት፤ ከጎኑ ያለውን ባዶ ቦታ አሳያት። አይደለም ሊል ራሱን ነቀነቀ።

«እሺ፣ እሺ፣ በርታ» አለችና ወደ መጸዳጃ ቤቱ አዞረችው። በሩን ከፈተች፣ ቀበቶውን ፈታችለት፣ ፊቷን አዙራ ጠበቀች። ምንም አልመጣም። «አይዞህ፣ ያጋጥማል» አለችው። ታጥቦ፣ ተጠራርጎ፣ በክንዷ ተደግፎ ወጣ። ወደ መስኮቱ ወሰደችው፤ ብርድ ልብሱን ጉልበቱ ላይ አስተካከለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ፊት ለፊት ጫማ ጠጋኙ አንድ ሶል ይዞ እየመታ ነበር።